ምድጃው ከወለል ይነሣ

የምሠራው ድሬዳዋ ውስጥ፣ በአንድ መድኃኒት ቤት ነው። ልጁ ሲቃጠል፣ ሲወድቅ ወይም የማይዋጥ ነገር ሲውጥ ብዙ ወላጅ በመጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሆስፒታል ሳይሆን በቅርብ ወዳለው መድኃኒት ቤት ስለሆነ፣ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ ቀድሞ ጉዳቱን ያያል፤ ከጉዳቱም ጋር በድንጋጤ የሚወጣውን የወላጅ ንግግር ይሰማል። እናቲቱ «የቃጠሎ ቅባት ስጪኝ» ስትለኝ ልጁ ገና በእቅፏ እያለቀሰ ነው። ምን እንደደረሰበት ስጠይቃት የምትሰጠኝ መልስ ከእርሷ በፊት ከመጡት እናቶች መልስ እምብዛም አይለይም፦ «አቦ፣ ለአፍታ ዞር ከማለቴ ነው!»

ይህቺ እናት እውነቷን ነው። ዞር ያለችው ሊጥ ልታቦካ፣ በር ልትከፍት ወይም ሌላውን ልጅ ልታጥብ ነው፤ ልጅ ባለበት ቤት ቀኑን ሙሉ ዞር ሳይል የሚውል ሰው የለም። በመልሷ ውስጥ ግን እርሷም፣ ባሏም፣ ጎረቤቶቿም፣ ብዙ ጊዜ እኛ የጤና ባለሙያዎችም የምንጋራው አንድ እምነት አለ፤ ልጅን ከአደጋ የሚጠብቀው የእናት ዓይን ነው፣ ዓይኑ ከዞረ ደግሞ የሚሆነው ይሆናል የሚል እምነት። ልጆቻችን በቤታቸው ውስጥ ከሚጎዱባቸው ትልልቅ ምክንያቶች አንዱ ይህ እምነት ነው ብዬ አስባለሁ። ወላጆቻችን አደገኛውን ነገር ያውቁታል፤ የጎደለን፣ ዓይን በዞረበት ሰዓትም ቢሆን ልጁን የሚጠብቅ ቤት ማዘጋጀት እንደሚቻል ማመን ነው።

ያውቁታል ያልኩት በግምት አይደለም። ከቀፊራ ገበያ የምትመለስን እናት አስቁማችሁ ልጅሽን ምን ይጎዳዋል ብለው ትፈሪያለሽ ብላችሁ ብትጠይቋት፣ የፈላ ሻይ፣ የከሰል ምድጃ፣ በረኪና፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የውኃ በርሜል፣ ባጃጅ እያለች ሳታመነታ ትዘረዝርላችኋለች። ቤቷ ስትገቡ ግን ምድጃው ወለል ላይ ተቀምጧል፣ በረኪናው በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተገልብጦ ከአልጋው ሥር ተሸጉጧል፣ በርሜሉም ክዳን የለውም። በልዩ ልዩ አገሮች የወላጆችን እውቀት፣ አመለካከትና ተግባር ጎን ለጎን የመረመሩ ጥናቶችም ደጋግመው የሚያገኙት ይህንኑ ነው፤ የወላጁ እውቀት ከፍ ስላለ ብቻ የቤቱ ጥንቃቄ አብሮ ከፍ አይልም። ስለዚህ ተጨማሪ ትምህርት መስጠት ብቻውን፣ ያውም «ልጅሽን ጠብቂ» የሚል ትምህርት፣ ብዙ ለውጥ ያመጣል ብዬ አልጠብቅም።

በእውቀትና በተግባር መካከል የቆሙት አመለካከቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ «የአላህ ውሳኔ ነው»፣ «እግዜር ያመጣው ነው» የሚለው ሲሆን፣ በከተማችን ከሁለቱም እምነት ተከታዮች አንደበት ይሰማል። ልጁን ያጣ ወላጅ በዚህ ቃል ሲጽናና ማንም ሊከራከረው አይገባም፤ ኀዘንን ለመቻል ከዚህ የበለጠ ጉልበት ያለው ቃል የለንም። ቃሉ የሚጎዳን ከአደጋው በፊት ሲነገር፣ ክዳኑን ላለመግዛትና ምድጃውን ላለማንሣት ምክንያት ሲሆን ነው። ይህ ደግሞ ከሃይማኖቶቹ ትምህርት ጋር እንኳ አይስማማም። አስቀድመህ ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በኋላ በአላህ ተመካ የሚለው ትምህርት በሙስሊሙ ዘንድ የታወቀ ነው። በኦሪቱ ሕግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከላይ ወድቆ እንዳይሞትበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል፤ ትእዛዙ ቤቱን ለሠራው ሰው መሆኑን ልብ በሉልኝ፣ ከታች ሆኖ ልጁን ለሚጠብቀው አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 በጋራ ያወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ በየቀኑ ከ2,000 በላይ ልጆች ሆን ተብለው ባልደረሱ ጉዳቶች እንደሚሞቱ፣ ከሟቾቹም 95 በመቶ ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ መሆናቸውን አስታውቋል። የትራፊክ አደጋ፣ ውኃ ውስጥ መስጠም፣ ቃጠሎ፣ መውደቅና መመረዝ በቅደም ተከተል ዋና ዋናዎቹ ነበሩ። የልጆች ጉዳት አስቀድሞ የተጻፈና በጥንቃቄ የማይለወጥ ቢሆን ኖሮ የአገሮችን ገቢ እየለየ ባልመጣ ነበር። የሀብታሞቹ አገሮች እናቶች ከእኛ እናቶች የበለጠ ንቁ ዓይን የላቸውም፤ ምድጃቸው ከፍ ያለ፣ መድኃኒታቸው ልጅ በማይከፍተው ክዳን የታሸገ፣ ደረጃቸው መደገፊያ ያለው ስለሆነ ነው ልዩነቱ የመጣው።

ሌላው አመለካከት «ልጅ ወድቆ ተነሥቶ ነው የሚያድገው» የሚለው ነው። ጉልበት ለመላጥና ግንባር ለማበጥ ይህ አባባል እውነት ነው፤ ልጅ መሮጥና መውጣት መውረድ አለበት፣ ሮጦ የማይወድቅ ልጅ እንዲኖረን የሚመኝ ወላጅም የለም። ነገር ግን ከኮንዶሚኒየም ሰገነት መውደቅ የሚያስተምረው ትምህርት የለም። የአንድ ዓመት ልጅ የሻይ ማፍያውን ከነካ በኋላ «ተማረ» ማለትም አይቻልም፤ በዚያ ዕድሜ የዛሬን ሕመም ለነገ ጥንቃቄ የሚያውል አእምሮ ገና አልበሰለም። ልጁ በስምንትና በዘጠኝ ወሩ ይድሃል፣ ወዲያው ዕቃ ይዞ መቆም ይጀምራል፣ የደረሰበትን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል፣ የያዘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ይህ ሁሉ ጤናማ ዕድገት ነው። ወላጆችን ብዙ ጊዜ የሚያዘናጋው የዕድገቱ ፍጥነት ይመስለኛል፤ ትናንት ከጠረጴዛው ጫፍ የማይደርስ ልጅ ዛሬ ደርሶ ጨርቁን ከነብርጭቆው ይጎትታል።

አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሃደን እ.ኤ.አ. በ1966 የአገሩ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኖ ከተሾመ በኋላ በሥራውም በጽሑፎቹም የተሟገተለት ሐሳብ ለእኛ ቤት በጣም የሚስማማ ነው። እርሱ እንዳስተማረው ጉዳት የሚደርሰው ሰውነት ሊችለው ከሚችለው በላይ የሆነ ኃይል ሲያርፍበት ነው፤ ኃይሉ ሙቀት፣ ግጭት፣ ኤሌክትሪክ ወይም ኬሚካል ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ጥያቄው «ጥፋቱ የማን ነው?» ሳይሆን «ኃይሉ ልጁ ላይ እንዳያርፍ በየት በኩል ልንቆርጠው እንችላለን?» የሚል ይሆናል። ኃይሉን መቀነስ፣ ከልጁ ማራቅ፣ በመካከል መከለያ ማኖር፣ ይህ ሁሉ ካልተሳካ ደግሞ ከጉዳቱ በኋላ ቶሎ መድረስ ይቻላል። በዚህ መንገድ የሚያስብ ሰው ወደ አንድ ግቢ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እናቲቱ የት እንደቆመች ሳይሆን ምድጃው የት እንደተቀመጠ ነው።

የድሬዳዋን ቤት በዚህ ዓይን እንየው። ሙቀቱ ከቤት ያስወጣናል፤ ከሰዓት በኋላና ማታ ኑሯችን በግቢ ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ነው። ሻይ፣ ቡና፣ ሆጃ የሚፈላው እዚያው መሬት ላይ በተቀመጠ የከሰል ምድጃ ነው፤ ትልልቆቹ ዙሪያውን ይቀመጣሉ፣ ልጆቹ በመካከላቸው ይሮጣሉ። ፔርሙዙ ከምንጣፉ ጠርዝ፣ ብርጭቆው ከጉልበት አጠገብ ነው። በረመዳን ወር ደግሞ ከአስር ሰዓት በኋላ በየሰፈሩ ደጃፍ ሳምቡሳና ባጅያ የሚጠበስበት ዘይት ይጣዳል፤ መጥበሻው የሚቀመጥበት ከፍታ ከሦስት ዓመት ልጅ ደረት የማይበልጥበት ቦታ ብዙ ነው፣ አላፊ አግዳሚውም በአጠገቡ እየተጋፋ ያልፋል። ይህ ሁሉ የከተማችን ውበት መሆኑን አልክድም፤ ሻዩም ሳምቡሳውም እንዲቀር አልፈልግም። የምፈልገው ከመሬት እንዲነሣ ነው።

የልጅ ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ የሳሳ ነው። 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሞቀ ውኃ አዋቂን እንኳ በ5 ሰኮንድ ያህል ጊዜ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ሕፃንን ለማቃጠል ደግሞ ከዚያም ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ከምድጃ የወረደ ሻይ ከዚህ በጣም የበለጠ ሙቀት አለው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ሕፃንን ሊያቃጥል ይችላል። በአዋቂ ክንድ ላይ ትንሽ ምልክት ትቶ የሚያልፍ አንድ ብርጭቆ ሻይ በአሥር ወር ሕፃን ላይ ሲፈስ ፊቱን፣ አንገቱንና ደረቱን በአንድ ጊዜ ያዳርሳል። ልጅን አቅፎ ሻይ መጠጣት ለእኛ የፍቅር አቀማመጥ ስለሆነ ይህን መናገር ሁልጊዜ ይከብደኛል፤ ቢሆንም እናገራለሁ። ብርጭቆው እስኪያልቅ ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዘው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሁለት ብሎኬት ጎን ለጎን አቁሞ በላያቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ወፍራም ላሜራ መጣል ምድጃውን ከሚድህ ልጅ እጅ ያወጣዋል፤ ቆሞ ለሚሄደው ልጅ ግን ከፍታው ብቻ ስለማይበቃ ምድጃው ከግቢው ማዕዘን ተጠግቶ በፊቱ ከእንጨት ወይም ከሽቦ አጥር ቢደረግለት ይሻላል። የድስት እጀታ ወደ ግድግዳ ይዙር። ቡና የሚፈላበት ቦታ ልጅ ከሚሮጥበት መተላለፊያ ይራቅ። እነዚህ ነገሮች አንድ ጊዜ ከተደረጉ በኋላ በየቀኑ ንቃት አይጠይቁም፤ እናቲቱ ስትደክምም፣ ስትታመምም፣ ገበያ ስትሄድም ሥራቸውን ይሠራሉ። ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው።

ቃጠሎው ከደረሰ በኋላ ያለውን ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ በባንኮኒው ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳዝነኝ እርሱ ነውና። ልጆቹ ወደ እኛ የሚመጡት የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ ወይም ማር ተቀብቶባቸው ነው። ወላጁ ይህን የሚያደርገው ቀዝቀዝ ይልለታል ብሎ በፍቅር ነው፤ የተቀባው ነገር ግን ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል፣ ቁስሉንም ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል፣ ሐኪሙ ቁስሉን ለማየት ሲል ማጠብ ሲጀምር ደግሞ ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ይሠቃያል። መደረግ ያለበት ልብሱን ከተቃጠለው ቦታ ማውለቅ፣ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ካለ ሳይስቡ መተው፣ ከዚያም በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማጠብ ነው። በረዶ አይጠቅምም፤ የተጎዳውን ቆዳ ይብስ ይጎዳዋል። በእኛ ከተማ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፦ ቧንቧ በማይኖርበት ሰዓት የምንጠቀመው ፀሐይ ላይ የዋለ የሮቶ ውኃ ራሱ ሞቃት ስለሚሆን፣ በጥላ ከተቀመጠ ጀሪካን በማንቆርቆሪያ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ይሻላል። ውኃው ባነሰ ጊዜ ሳፋ ከሥር አድርጎ ያንኑ ንጹሕ ውኃ መልሶ ማፍሰስ ምንም ካለማፍሰስ እጅግ ይበልጣል። ቀሪው ሰውነት እንዳይበርደው ይሸፈን፤ ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት የተቃጠለ ልጅ፣ ቃጠሎውም ከመዳፉ ስፋት የበለጠ ልጅ፣ ቅባት ከእኛ ሳይፈልጉለት በቀጥታ ወደ ሕክምና ይሂድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ ቁጥር 907 ነው።

ስለ ውኃም መናገር አለብኝ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው በእኛም በሐረርም ሰፈሮች በርሜል፣ ባልዲና ሳፋ ሞልቶ ማቆየት የኑሮ ግዴታ ነው። መስጠም ሲባል ወንዝና ሐይቅ የሚታየን ስለሆነ በርሜሉን ከአደጋ አንቆጥረውም። የሚድህ ሕፃን ግን አፍና አፍንጫውን በሚሸፍን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል፤ ጭንቅላቱ ከሌላው ሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ከባድ በመሆኑ ወደ ባልዲ ካጎነበሰ ተመልሶ መነሣት ያቅተዋል። ደግሞም ድምፅ የለውም፤ አይጮኽም፣ አያንቦራጭቅም። «ቢያለቅስ እሰማዋለሁ» የሚለው መተማመኛ እዚህ ላይ አይሠራም። የሚቆለፍ ወይም ልጅ የማያነሣው ክብደት የተጫነበት ክዳን፣ ልብስ ካጠቡ በኋላ ወዲያው የሚገለበጥ ሳፋ፣ ከመሬት በላይ አፉ ከፍ ብሎ የተሠራ የግቢ ጉድጓድ፤ ይኸው ነው።

ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን ደረቅ የወንዝ መውረጃ፣ ደቻቱን በተመለከተ የድሬዳዋ ሰው ምስክር አያሻውም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ልጆች ግን የሚያውቁት ደረቁን አሸዋ ነው፤ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ያቋርጡታል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች በመሆኑ በከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ እያለ ሊደርስ ይችላል። ለልጆች መነገር ያለበት ይህ ነው፦ ሰማዩን ሲያዩ ወደ ተራራው ይመልከቱ፤ ደመና ከዚያ በኩል ሲጠቁር ከአሸዋው ይውጡ።

ወደ ራሴ ሙያ ስመጣ በጠርሙስ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። በረኪናና ነጭ ጋዝ በችርቻሮ የሚሸጡት በሃይላንድ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተቀድተው ነው። በድሬዳዋ ሙቀት የተጠማ የሁለት ዓመት ልጅ የሚያውቀውን ጠርሙስ አይቶ ቢያነሣ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ጠርሙሱ ውኃ ነኝ ብሎ ዋሽቶታል። ልጁ ከጠጣ በኋላ ወላጆች ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከተው ያስመልሱታል፣ ወይም ወተት በግድ ይግቱታል። ነጭ ጋዝ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባና ከባድ የሳንባ ጉዳት ያስከትላል፤ በረኪናም ሲወጣ ጉሮሮውን ለሁለተኛ ጊዜ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ልጁን አታስመልሱት፤ አፉን አጥባችሁ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ባለሙያው ምን እንደተጠጣ ከጠርሙሱ ቢያውቅ ጊዜ ይተርፋል።

መድኃኒትን በተመለከተ ወላጆች ብዙ ጊዜ ከአደገኛ ነገሮች መዝገብ ውስጥ አያስገቡትም፣ ምክንያቱም መድኃኒት የሚያድን ነገር ነው። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው የብረት ንጥረ ነገር እንክብል በቀለም ተለብጦ ከረሜላ ይመስላል፤ በዛ አድርጎ የዋጠው ትንሽ ልጅ ሊሞት ይችላል። ታናሹ በሆድ እያለ ታላቁ በእናቱ ቦርሳ ውስጥ የሚያገኘው መድኃኒት ይህ ነው። የአያት የደም ግፊትና የስኳር እንክብሎችም እንዲሁ ናቸው፤ አያቶች በጨርቅ ቋጥረው ወይም ከትራሳቸው ሥር ያስቀምጧቸዋል፣ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ከአጠገባቸው ነው የሚተኛው። ሙቀቱን ፈርተን ሽሮፑን ማቀዝቀዣ ውስጥ የምናኖር ሰዎች ደግሞ ማቀዝቀዣውን ልጆቹ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፍቱት እንዘነጋለን። ልጁ መድኃኒት አልወስድ ሲል «ከረሜላ ነው» ማለት ይቅር፤ ነገ ብቻውን ሲያገኘው የነገርነውን አምኖ ይበላዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ልጅ የማይከፍተው ክዳን በመድኃኒቶች ላይ እንዲደረግ በሕግ ካዘዘች በኋላ በመመረዝ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ቀንሷል፤ እኛ ጋ አብዛኛው እንክብል የሚሰጠው በወረቀት ወይም በስስ ላስቲክ ከረጢት በመሆኑ ያንን ክዳን የሚተካው ከፍ ያለ የተቆለፈ ሣጥን ነው።

ስለ ኦቾሎኒም ልናገር፤ ባቢሌ ጎረቤታችን ናትና በየቤቱ አይጠፋም። ሙሉ ፍሬው አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥ፤ የመንጋጋ ጥርሱ በደንብ ስለማያደቅቀው የአየር ቧንቧው ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል። ተፈጭቶ ከሆነ ግን ጥሩ ምግብ ነው። የሪሞትና የመጫወቻ ትንንሽ ክብ ባትሪዎችንም ከዚሁ ጋር አስቡ፤ ጉሮሮ ውስጥ የተቀረቀረ ባትሪ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋን ሊበሳ ስለሚችል «ነገ በሰገራ ይወጣል» ተብሎ አይጠበቅም።

እስካሁን የተናገርኩትን ሁሉ ለእናቶች ብቻ ብናገረው ኖሮ ያንኑ የምቃወመውን ስህተት በደገምኩት ነበር። ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው፤ መኝታውም፣ ማብሰያውም፣ የልጁ መጫወቻም ያው ክፍል ነው። ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ ተከራይ ሚስማር ለመምታት እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1976 ትንንሽ ልጆች በሚኖሩባቸው አፓርታማዎች ሁሉ ባለንብረቶች የመስኮት መከላከያ እንዲገጥሙ ያስገደደችው ልጆች ከፎቅ መውደቃቸው እናቶችን በመምከር ብቻ እንደማይቆም ስለተገነዘበች ነው። የእኛ አከራዮችም፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችም፣ የባጃጅ ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። በባጃጅ ፊት ወንበር ላይ በሾፌሩ ጎን ተጨናንቆ የሚሄድ ተማሪ በጠባብ ጥምዝ ላይ የሚይዘው ነገር የለውም፤ ይህን የምትከለክለው ቤቷ ያለችው እናት ልትሆን አትችልም።

ጥፋቱን እናት ላይ መጫን ፍትሕ የጎደለው ብቻ ሳይሆን ለልጁም አደገኛ ነው። ብዙ እናቶች ቅባት ሲጠይቁኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አባቱ ከመምጣቱ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ» ይላሉ። ባሏን፣ አማቷን ወይም ጎረቤቶቿን የፈራች እናት ቃጠሎውን በልብስ ትሸፍነዋለች፣ ልጁ ከአልጋ የወደቀውን መንገድ ላይ ወደቀ ትላለች፣ ሆስፒታል መሄዱን እስከ ማግስቱ ታቆየዋለች። ራሱን የመታ ልጅ ሲያስመልሰውና ሲያንቀላፋው «ደክሞት ነው» ተብሎ የሚተኛውም በዚህ ፍርሃት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ይልቅ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቢወሰድ ብዙ ነገር ይድናል። ወቀሳው ደግሞ ከእናት ይወርድና ታላቂቱ ላይ ያርፋል። ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ ወንድሟን አዝላ ስትውል ማየት የተለመደ ነው፤ መርዳቷ መልካም ነው፣ ነገር ግን ከሚፈላ ድስት አጠገብ ሕፃን መጠበቅን ከእርሷ መጠየቅ ተገቢ አይደለም። እርሷም ልጅ ናት፤ ስትጫወት ትረሳለች፣ መርሳቷም የዕድሜዋ መብት ነው።

አባቶችን ስለዚህ ጉዳይ ሳነጋግር ደስ የሚል ነገር አይቻለሁ። «ልጅህን ጠብቅ» ስላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ፤ «ምድጃውን ከወለል ለማንሣት ምን ትሠራለህ?» ስላቸው ግን ስለ ብሎኬት፣ ስለ ብየዳ፣ ስለ ማጠፊያ በር ማውራት ይጀምራሉ። የሚሠራ ነገር ሲሰጣቸው ጉዳዩን የራሳቸው ያደርጉታል። አንድ የብየዳ ሙያተኛ ለቤቱ ከቁርጥራጭ ብረት የሠራውን የምድጃ አጥር ጎረቤቶቹ አይተው እንዲሠራላቸው ጠይቀውታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት ሲመጡ ምድጃውንና በርሜሉን አብረው ቢያዩልን መልካም ነው፤ ቤት ለቤት የሚገቡት እነርሱ ናቸውና።

በሰፈራችን አፎሻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አለን። ለሠርግም ለለቅሶም ትልልቅ ድስት፣ ምድጃ፣ ድንኳንና ወንበር የሚያከራየው ይኸው ማኅበር ነው፤ ብዙ ልጆች በአንድ ግቢ የሚሰበሰቡት፣ ትልቁ ወጥና ትልቁ ሻይ የሚፈላውም በእነዚያ ቀኖች ነው። ለሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ያዘጋጀሁት ሐሳብ ትልቁ ድስት ሲወጣ ተጣጣፊ የብረት አጥር አብሮት እንዲወጣ፣ ለአጥሩም የሚሆነው ገንዘብ ከማኅበሩ ሣጥን እንዲወጣ፣ በድግሱ ቀን ደግሞ ከወጥ ቤቱ ራቅ ብሎ ለልጆች አንድ ጥላና አንድ አዋቂ ሰው እንዲመደብ ነው። የብየዳ ሙያተኛው ዋጋውን ነግሮኛል፤ ከአንድ አዲስ ድስት ዋጋ ያነሰ ነው። ከሊቀመንበራችን ጋር የተነጋገርን ሲሆን፣ ሐሳቡን ለአባላቱ በጽሑፍ እንዳቀርብ ጠይቆኛል።